ፓርቲ የግድ ነው እንዴ? (ከቅሬ ስብሰባ የመጣ ጥያቄ)

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እሁድ ለት የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ቀየረ። ለማያውቅ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ ነው የምንለው። ከዚያ ስመለስ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። እዚህ ላራግፈው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። መቶ አሥራ ምናምን አባወራ እንሆናለን። ነባሩ ዳኛ ስድስት ዓመት አገልግሎ «በቃኝ» አለ። ከመውረዱ በፊት ግን ዕቃ ቤቱ ተከፈተና ቆጠራ ሆነ። ድንኳን ሁለት፣ ልክ ነው። ወንበር ልክ ነው። ብረት ድስት፣ ጀበና፣ ትሪ፣ ልክ ነው። ሳህን ላይ ሲደረስ ሦስት ጎደለ። ጸሐፊው መዝገቡን መልሶ አገላበጠ፣ እንደገና ቆጠሩ። ሦስት። ዳኛው ምንም ሳይል እጁን ኪሱ ከተተና ከፈለ። «ተወው» ያለው የለም፤ «ሌባ» ያለውም የለም። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ።

ጥቆማ ተጀመረ። የመጀመሪያው «ሥራዬ መንገድ ነው፣ ሰው ሲሞት ባቲ ልሆን እችላለሁ» ብሎ ራሱን አወጣ። ሁለተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ይሄ ልጅ ደግ ነው፣ ሒሳብ ላይ ግን ይረሳል» አሉ፣ እዚያው ፊት ለፊቱ። እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፣ ቀረ። ሦስተኛው በእጅ ብልጫ አለፈ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ያወጣው ሰውዬውን ስለሚያውቀው ነው። ለቅሶ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው፣ መቃብር ቁፋሮ ላይ የሚጠፋው ማን ነው፣ ሁሉም ያውቃል።

አሁን ጥያቄዬ። በ2013ቱ ምርጫ የተወዳዳሪውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ነው። ምልክቱን አውቀዋለሁ፣ ሰውዬውን አላውቀውም። ከተመረጠ በኋላም አላወቅኩትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ብቻ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል እዚያ ውስጥ የለም። ታዲያ ለምንድን ነው ምልክት የምንመርጠው? ሌላ መንገድ የለም ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ። ስድብ አልፈልግም።

ሸዋ በር

ሦስት ሳህን ከኪሱ የከፈለ ባለሥልጣን አሳዩኝና ፓርቲውንም ጭምር እመርጣለሁ።

ሐይቅ ዳር

የጦሳ ልጅ፣ ነገርህ ገብቶኛል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ጣቢያ ላይ አስፈጻሚ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲሳሳ አንዲት አሮጊት ገቡ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ገለጥ አድርገው አዩና ወደ እኔ ጠጋ ብለው «የጎረቤታችን ልጅ የቱ ነው?» አሉኝ። ልጁ በግል ነበር የተወዳደረው። ምልክቱ ይሄ ነው ብዬ መጠቆም አልችልም፣ ክልክል ነው። ማንበብ አይችሉም። የፓርቲዎቹን ምልክት ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቀዋል፤ በመኪና፣ በማይክ፣ በቲሸርት ሲነገር ከርሟል። የልጁን ግን እናቱም የምታውቀው አይመስለኝም። እትዬ መጋረጃው ውስጥ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ደስ አይልም ነበር። ማንን እንደመረጡ እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ።

የግል ተወዳዳሪ በሕግ አልተከለከለም። ግን ቁጥሩን እዩት። በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት፣ አንድ ተቃዋሚና አንድ የግል ተመራጭ ቀሩ። በ2007 እነሱም ጠፉ፣ 547ቱም የገዥው ወገን ሆነ። በ2013 አራት የግል ተመራጮች ገቡ። አራት!

ነገረ ፈጁ (ወልድያ)

ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ላበላሽባችሁ። አንቀጽ 54ን የጠቀሰው ወንድማችን ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ ቢያነብ አንቀጽ 56ን ያገኝ ነበር። በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም ድርጅቶች የሥራ አስፈጻሚውን ያደራጃሉ ይላል። አንቀጽ 73ም ሥልጣን የሚረከበው አብላጫውን ያገኘው ድርጅት ነው ይላል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁላችንም ተነሥተን 547 የግል ተወዳዳሪ ብናስገባ መንግሥት የሚያቋቁም አናገኝም። ሕጉ ፓርቲን አንዱ ዘመድ አድርጎ ሳይሆን የቤቱ ምሰሶ አድርጎ ነው የተጻፈው።

ሌላው የምርጫ ሥርዓታችን ነው። አንድ ወረዳ፣ አንድ ወንበር፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ አለፈ። አሥር ሰው ተወዳድሮ አንዱ ሃያ አምስት በመቶ ቢያገኝና ሌሎቹ ከዚያ ቢያንሱ ወንበሩ የእሱ ነው። እንዲህ ባለ ሥርዓት ድምፁ እንዳይበተን የፈራ ሰው ትልቅ ምልክት ሥር ይጠለላል። ሰዉ ሞኝ ስለሆነ አይደለም።

ያው አንቀጽ 54 መጨረሻው ላይ የሕዝብ አመኔታ ያጣ አባል በሕግ መሠረት ይወገዳል ይላል። የሳህኑ ቆጠራ ማለት እሱ ነበር። ሕዝብ ተወካዩን በዚህ መንገድ ሲያወርድ ግን እኔ አይቼ አላውቅም።

ከደብሊን

አብሽሩ ወገኖቼ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ላምጣ። የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ አየርላንድ ከመጣሁ ቆየሁ። እዚህ ለአካባቢ ምክር ቤት ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ይመርጣል። እ.አ.አ. ሰኔ 2024 እኔም መረጥኩ።

ወረቀቱ ረጅም ነው፣ ክንድ ያህላል። የተወዳዳሪው ፎቶ አለው። አርማ ያለው አለ፣ ጎኑ ባዶ የሆነ የግል ተወዳዳሪም አለ። ኤክስ አታደርግም። ቁጥር ነው የምትጽፈው። በጣም የምትፈልገውን 1፣ እሱ ካልሆነ 2፣ ከዚያ 3፣ እስከፈለግክበት ድረስ። እኔ 1 የሰጠሁት ፓርቲ ለሌላት ሴትዮ ነው። የመንገድ መብራታችን ሲበላሽ ደብዳቤ የጻፈችልን እሷ ነበረች። 2 ለአንድ ፓርቲ ሰው፣ 3 ለሌላ ፓርቲ ሰው።

ከአንድ ወረዳ ብዙ ሰው ነው የሚመረጠው። አራት ወንበርና አሥር ሺህ ድምፅ አለ እንበል። አሥር ሺውን ለአምስት አካፍለህ አንድ ትጨምራለህ፣ 2001። ያንን የሞላ አለፈ። ትርፍ ድምፁ መራጮቹ ሁለተኛ ብለው ወደ ጻፉት ሰው ይሻገራል። ማንም ካልሞላ ደግሞ መጨረሻ የወጣው ይቀነስና የእሱ ወረቀቶች በሁለተኛ ምርጫቸው ለሌሎቹ ይከፋፈላሉ። ድምፄ ይባክናል ብለህ አትፈራም። ነገረ ፈጁ ያሉት «ትልቅ ምልክት ሥር መጠለል» እዚህ ብዙም አያስፈልግም።

ቆጠራውን ሄጄ አይቼዋለሁ። ትልቅ አዳራሽ ነው። ቆጣሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን አንድ በአንድ ይዘረጋሉ። ከአጥሩ ወዲህ የፓርቲ ሰዎችም የግል ሰዎችም አንገታቸውን አስግገው፣ እርሳስና ሰሌዳ ይዘው እያንዳንዷን ወረቀት በዓይናቸው ይቆጥራሉ። ቀናት ይፈጃል። አሰልቺ ነው፣ ግን ማንም ተጭበረበረ ሲል አልሰማሁም።

ፓርቲዎቹ አይወዱትም በነገራችን ላይ። ትልቁ ፓርቲ ፊያና ፎይል ይሄን ሥርዓት ለማስቀየር እ.አ.አ. በ1959 እና በ1968 ሁለቴ ሕዝበ ውሳኔ አስጠራ፣ ሁለቴም ተሸነፈ። ፓርቲው አልጠፋም፣ አሁንም አለ። ግን እጩው በር አንኳኩቶ፣ ስሙን ነግሮህ፣ ውሻህን ፈርቶ ካልሄደ አትመርጠውም።

ሸዋ በር

ውሻህን ፈርቶ 😂 እኛ ሰፈር ቢመጣ ውሻው ራሱ ያባርረዋል።

የአራዳው (ደሴ)

ልጆች፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ፓርቲ የሌለው ምርጫ አዲስ ነገር አስመሰላችሁት። እኛ እኮ አይተነዋል።

በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1948 በወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል በሕዝብ ይመረጥ ነበር። ፓርቲ የሚባል የለም። ሁሉም በግሉ ነው። የ1961ዱ ምርጫ ሲደረግ ጎረምሳ ነበርኩ። በግሉ ይሁን እንጂ ለመወዳደር በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። እንግዲህ በወሎ ንብረት ያለው ማን ነው? ባለርስቱ ነዋ። ጭሰኛው ነገ መሬቱን የሚነሳውን ሰውዬ ትቶ ማንን ሊመርጥ ኖሯል? የሰፈሩ ሰው ተወዳዳሪውን ያውቀዋል ትላላችሁ። አዎ፣ በደንብ ያውቀዋል። ስለሚያውቀው ነው የሚመርጠው፣ ስለሚፈራው።

የመጨረሻው የዚያ ዘመን ምርጫ በ1965 ክረምት መግቢያ ላይ ነበር። ልብ አድርጉ፣ 1965። ያን ጊዜ እዚህ ወሎ ሰው በረሃብ መንገድ ላይ ይወድቅ ነበር። ከራያ፣ ከአምባሰል፣ ከየጁ እየተነሣ ወደ ደሴ የሚመጣውን ሕዝብ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለሱ ብዙ ባላወራ ይሻለኛል። ፓርቲ የሌለው ፓርላማ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ነበር። ረሃቡን አላስቆመም። እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ተሰብስበው «ይህ ካልሆነ በጀት አናጸድቅም» የሚሉበት ማኅበር የላቸውም። ሚኒስትሩን የሚሾመው ንጉሡ ነው፣ ለማን ይጮኻሉ?

ከዚያ ደርግ መጣ፣ በ1979 ደግሞ ሸንጎ። ያኔ ደግሞ አንድ ፓርቲ ብቻ። ሁለቱንም ቀምሻለሁ። እኔን ጠይቁኝ።

የጦሳ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ዕድሜ ይስጥዎት።

በረካ ላይ የደረሰች

ቡና እያፈላሁ ነው የማነበው፣ አሁን በረካ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ላጣራ። «መቶ አሥራ ምናምን አባወራ» አልክ። እማወራዎቹስ? እጁን ካወጣው መሀል ሴት ስንት ነበረች?

እኛ ሴቶች በቅሬ የምንታወቀው እንጀራ ስንጋግር ነው። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ቆመን እንውላለን፣ ሳህኑን የምናጥበው እኛ ነን (የጠፋውንም ሦስቱን ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር)። ዳኛ ሲመረጥ ግን «ሰዎቹ ተሰብስበዋል» ይባላል።

ፓርቲን ስታሙ ይሄንንም አስቡ። በ2013 በተመረጠው ፓርላማ ሴቶች ከ40 በመቶ በላይ ነበሩ። እንዴት ገቡ? ፓርቲው ስላስገባቸው ነው። ሩዋንዳ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ቢያንስ 30 በመቶ ብላ ጻፈች፣ ዛሬ በተወካዮች ምክር ቤቷ ሴቶች ከ60 በመቶ ያልፋሉ። ገብተው ምን ይሠራሉ፣ የፓርቲውን ሐሳብ ያጨበጭባሉ ወይ፣ ሌላ ጥያቄ ነው፣ አልክድም። ግን «የምናውቀውን ሰው እንምረጥ» ስትሉ ወንድ ወንድን ነው የሚያውቀው። እኔን ማን ያውቀኛል? ገንዘብስ ከየት አመጣለሁ? ፓርቲ ከሌለ የግል ተወዳዳሪ የሚሆነው ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ የሀብታም ልጅ።

የጦሳ ልጅ

ተያዝኩ። መዝገባችን ላይ እማወራዎች አሉ፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው። መዋጮም ይከፍላሉ። እሁድ ለት ግን አንድም አልመጣችም። ለምን እንዳልመጡ የጠየቀም የለም፣ እኔን ጨምሮ።

ካምፓላ የኖርኩ (ከሚሴ)

ጋሼ ያሉትን ላጠናክር። ዑጋንዳ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሙሴቬኒ እ.አ.አ. በ1986 ሲገቡ ፓርቲ ሕዝቡን በሃይማኖትና በጎሣ ከፋፍሎታል ብለው «የንቅናቄ ሥርዓት» የሚባል አመጡ። ፓርቲዎቹ ስማቸው አለ፣ ግን እጩ አቅርበው መቀስቀስ አይችሉም። ሁሉም በግል ብቃቱ ይወዳደር ተባለ። ስትሰማው እንዴት ያምራል! ልክ የቅሬው ነው። እ.አ.አ. በ2000 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ይቀጥል ተባለ፣ በ2005 ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ወደ ፓርቲ ተመለሱ። ያ ሁሉ ዓመት ምን ሆነ መሰላችሁ? ሌላው እንዳይደራጅ ተከልክሎ ንቅናቄው ራሱ የተደራጀ ፓርቲ ሆነ። መንበሩ ላይ ያለው ሰውዬም ያው ነው።

ስለዚህ ፓርቲ ይከልከል የሚል ካለ እኔ የለሁበትም። ፓርቲ ሳይከለከል የግል ሰው የሚያሸንፍበት አገርም አለ። ማላዊ እ.አ.አ. በ2019 ከ193 ወንበር 55ቱን የግል ተወዳዳሪዎች ወሰዱ። ብዙዎቹ ከፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ተሸንፈው ወይም ተገፍተው የወጡ ናቸው። አለቃው አልፈልግህም ያለውን ሰው የወረዳው ሕዝብ «እኛ እንፈልገዋለን» አለ ማለት ነው። መንግሥት ሲመሠረት ደግሞ የግሉ ሰው ጥሩ ዋጋ ወደሰጠው ይጠጋል፣ እሱን አትርሱ። ሥጋ ቤት በር ላይ የቆመ ድመት ማለት ነው።

ነገረ ፈጁ (ወልድያ)

እኔ የምለውም እሱን ነው። ጥያቄው ፓርቲ ይኑር አይኑር አይደለም። እጩውን ማን ይመርጣል ነው። እኛ ጋ ወረቀቱ ላይ ስሙ ከመታተሙ በፊት ነው ነገሩ ያለቀው፣ በር ተዘግቶ። ፊንላንድን ውሰዱ። እዚያ ፓርቲ አለ፣ ግን መራጩ የሚጽፈው የሰው ቁጥር ነው። ፓርቲው ስንት ወንበር እንደሚያገኝ በድምር ይታወቃል፣ ከፓርቲው ውስጥ ማን እንደሚገባ ግን መራጩ ይወስናል። አለቃው «አንተ አንደኛ፣ አንተ ሃያኛ» ብሎ አይደረድርም። ይሄ እኮ ቀላል ማሻሻያ ነው።

ኮምቦልቻ ቴክስታይል ሰፈር

የአክስቴ ልጅ ካናዳ፣ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች የሚባል በረዶ አገር ነው ያለው። እዚያ ምክር ቤቱ ውስጥ ፓርቲ የለም። 19 ሰው ይመረጣል፣ ሁሉም በግል። ከምርጫ በኋላ ይሰበሰቡና ከራሳቸው መሀል መሪውንና ሚኒስትሮቹን በምስጢር ድምፅ ይመርጣሉ። ሚኒስትሮቹ በቁጥር ከተራ አባላቱ ያንሳሉ፣ ስለዚህ ተራዎቹ ከተስማሙ ሚኒስትሮቹን ይረቷቸዋል። እሱን ሳነብ ደስ አለኝ። በኋላ ሕዝቡ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት። አርባ አምስት ሺህ አካባቢ። የእኛ ኮምቦልቻ ትበልጣለች!

ሐይቅ ዳር

እኮ! እኔም የምለው እዚያ ጋ ነው የሚገጥመው። ለፌዴራል ፓርላማ አይሆንም፣ ለቀበሌ ግን ይሆናል። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ነው። ያኔ ሚሊዮኖች ወንበር ነበር፣ በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ግንባር ወሰደው። ቧንቧ ለመጠገን፣ ድልድይ ለመጥረግ የፓርቲ መታወቂያ ምን ይሠራል? እንግሊዝ ውስጥ ፍሩም የሚባል ትንሽ ከተማ ነዋሪዎቹ ተሰባስበው የግል ተወዳዳሪ አቀረቡ። እ.አ.አ. በ2011 ከ17 ወንበር 10 ወሰዱ፣ በ2015 አሥራ ሰባቱንም። አገሪቱን ፓርቲ ይመራታል፣ ከተማዋን ጎረቤት።

በረካ ላይ የደረሰች

አውስትራሊያ ውስጥ ኢንዳይ በሚባል ገጠር ወረዳ የሆነውን ስሙ። ሰዎቹ እ.አ.አ. በ2012 እየተጠራሩ በየቤታቸው ማዕድ ዙሪያ ተቀመጡ። ከተወካያችን ምን እንፈልጋለን ብለው ተወያዩ፣ ያሉትን ጻፉ፣ ከዚያ ነው እጩ የፈለጉት። በ2013 ካቲ ማክጎዋን የምትባል ሴት በግሏ ተወዳድራ በትልቅ ፓርቲ የተያዘውን ወንበር ወሰደች። ከእሷ በኋላም በ2019 ሌላ የግል ተወዳዳሪ፣ ያውም ሴት፣ ተተካች። አያችሁ፣ ቡና ላይ ነው ያለቀው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ስንት ነገር ይወራል። እኛ ደግሞ በዚህ ማን ይስተካከለናል?

ከደብሊን

ዕጣም አለላችሁ። እዚህ እ.አ.አ. በ2016 የዜጎች ጉባኤ ተብሎ 99 ሰው ከሕዝቡ በዕጣ ተመረጠ፣ ሰብሳቢዋ የፍርድ ቤት ዳኛ ነበረች። ማላሃይድ ያለ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜና እሁድ እየተሰበሰቡ ባለሙያ ሰሙ፣ ተከራከሩ። ፓርቲዎቹ ለዓመታት የሸሹትን የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ሐሳብ አቀረቡበት፣ በ2018 በሕዝበ ውሳኔ ተወሰነ። በውሳኔው መስማማት አለመስማማት ሌላ ነገር ነው። እኔን የገረመኝ ሹፌሩም፣ ጡረተኛውም፣ ተማሪውም እኩል መቀመጣቸው ነው።

ሸዋ በር

ዕጣ ሲባል በ2014 የተሰረዘው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው ትዝ የሚለኝ። እኛ አገር ዕጣ የሚታመነው እቁብ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ሰብሳቢው ፊትህ ሲያወጣው።

ከደብሊን

እውነትህን ነው፣ እዚህም ተነቅቷል። ሰው የሚመለምል አንድ ሠራተኛ በዕጣ ሳይሆን በትውውቅ ሰባት ሰው አስገብቶ ተገኘ። ሰባቱም ተሰናበቱ። ልዩነቱ መነቃቱ ነው።

መርሳ መገንጠያ

ሁላችሁም ደስ ትላላችሁ። እኔ ግን ከመርሳ ወልድያ ለመሄድ መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብዬ ደውዬ ነው የምነሣው። ሰው ቤቱ ተረጋግቶ ካላደረ ካርድ ማን ሊያወጣ ነው? መጀመሪያ ሰላሙ ይምጣ። አልሰደብኩም፣ ተናገርኩ እንጂ።

የአራዳው (ደሴ)

ልክ ነህ ልጄ። ይሄን ሳይሉ የቀሩት ረስተውት አይደለም፣ ደክሟቸው ነው።

የጦሳ ልጅ

ብዙ ተማርኩ፣ አመሰግናለሁ። ፓርቲ ይጥፋ የሚለውን ትቼዋለሁ፣ ጋሼና የካምፓላው አስተዉኝ። ቁጥር መጻፉን ወድጄዋለሁ። የቀበሌው ነገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ልቤ ገብቷል።

እህቴ በረካ፣ ያንቺን ጥያቄ ለአዲሱ ዳኛ ነገርኩት። «ደንቡ ላይ ሴት አትምረጥ የሚል የለም እኮ» አለኝ። መዝገቡን አወጣን፣ እማወራዎቹ አሥራ አራት ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ለፋፊው ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይጥራቸው ተብሏል። ይመጡ እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ሌላው፣ ከሦስቱ ሳህን ሁለቱ ተገኙ። ባለፈው የሰላሳ ቀን መታሰቢያ ላይ ምግብ ተደርጎባቸው ጎረቤት ሄደው ኖሯል፣ የነገረችን ራሷ ያጠበችው ሴት ናት። አሁን ለቀድሞው ዳኛ የሁለቱ ገንዘብ ይመለስለት ስንል «የሰጠሁትን አልቀበልም» ብሎ እምቢ አለ። ጸሐፊው ደግሞ «መዝገቤ አይዘጋልኝም» ብሎ ተቆጥቷል። ለዚሁ ጉዳይ ለእሁድ ሌላ ስብሰባ ተጠርቷል።